ያስታመመ ይናገር

ለክቡር አቶ ጆሻም ኦንዲቲ፣
የካውንቲያችን የጤና ጉዳዮች ኃላፊ፣
ሦስተኛ ፎቅ።

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ሾፌርዎ፣ ከሾፌርዎ ጎን የሚቀመጠው ረዳትዎ፣ እንዲሁም የረዳትዎን ቦርሳ የሚይዘው ሌላው ረዳትዎ ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ወገብዎን እንዳያምዎት፣ ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት፣ ስምዎን በራስዎ አንደበት የመናገር ጸጋም እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ እንዳይለይዎት እመኛለሁ። ይህ ምኞት ለወጉ ያህል የተጻፈ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ ታች ሲያነቡ ይገባዎታል።

በሚሽን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ሴቶች ደብዳቤ በቁጣ አይጀመርም ይሉን ነበር። ስለዚህ በሰላምታ ጀምሬአለሁ፤ ቁጣውን በየቦታው አስቀምጬልዎታለሁ።

ዶርሲላ ኛጉዲ እባላለሁ። በሐይቁ ዳር በምትገኘው በኮዴሮ መንደር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርት ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ መንደሩ እስከ ዛሬም ምዋሊሙ፣ ማለትም መምህርት፣ እያለ ይጠራኛል። ባለቤቴ ኤሊያኪም ስትሮክ ከጣላቸው ወዲህ ግን ሥራዬ እሳቸውን ማስታመም ነው። በወረዳችን እንደ እኔ ያሉ ብዙ ሴቶችና ጥቂት ወንዶች አሉ፤ አማቷን የምታጥብ ምራት፣ ራሱን ችሎ የማይበላ ጎልማሳ ልጇን የምታጎርስ እናት፣ ሚስቱን በጀርባው አዝሎ ወደ መጸዳጃ የሚወስድ ዓሣ አጥማጅ። ተሰባስበን የአስታማሚዎች ማኅበር አቋቁመናል፤ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ለእርስዎ ብቻ የተላኩት ደብዳቤዎቻችን በሙሉ ያለ መልስ ስለቀሩ፣ ይህኛው በጋዜጣ እንዲወጣና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንዲነበብ ማኅበሩ ወስኗል።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። የአስታማሚዎች ድጋፍ ደንብ የጸደቀው በእርስዎ ዘመን ነው። «ደንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ብለው በየአደባባዩ ሲናገሩ ሰምተን አንዳችንም አልተቃወምንም። አንዷ ስትሄድ ሌላዋ የሁለት ቤት ታማሚ እየጠበቀች ወደ ካውንቲው ምክር ቤት የተመላለስነው፣ የምክር ቤቱ አባላትም አፍንጫቸውን ይዘው እስኪሰሙን ድረስ ያልታጠበ የታማሚ ጨርቅ በቅርጫት ይዘን ደጃፋቸው ላይ የተቀመጥነው እኛ መሆናችንን ለማንም አላወራንም። ደንቡ ለአስታማሚ መታወቂያ ይሰጣል፤ መታወቂያው ያላት ሰው ዳይፐር፣ ጓንት፣ የቁስል ቅባትና በየወሩ ቤቷ ድረስ የምትመጣ ነርስ ታገኛለች። ለእርስዎ ትንሽ ነገር ነው። ለእኛ ግን በሚሽር ቁስልና በሚሸት ቁስል መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይህን ካልሁ ዘንዳ አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሕዝብ ውይይቱ።

ማንኛውም ደንብ ከመጽደቁ በፊት ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች እንዲወያዩበት ሕጉ ያዛል። እርስዎም ሕግ አክባሪ ነዎትና ውይይቱን አላስቀሩብንም። ሐይቁን ፊት ለፊት በሚያይ የከተማ ሆቴል፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋት ላይ ጠሩን። ታማሚዎቻችንን ለማን ትተን እንደምንመጣ ግብዣው ስለማይናገር፣ በእኛ ፈንታ የሚያገላብጣቸው ሰው ይላክልን እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ቢሮዎ ስልክ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ከልቧ ስቃ፣ «አቤት አያቴ! እንዴት ያለሽ ቀልደኛ ነሽ!» አለችኝና ዘጋችው።

በማግስቱ ፎቶግራፉን በጋዜጣ አየሁት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ተሰብሳቢዎቹ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ በለበሱት ቢጫ ካኔቴራ ላይ «የአስታማሚዎች ድምፅ ይሰማ» የሚል ተጽፎበታል። ልጆቹ ጥሩ ምሳ እንደበሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ተማሪ ይርበዋል። ደስ ያላለኝ፣ እነዚሁ ልጆች ምሳውን እየበሉ ሳለ እኛ ያላየነው አንድ አንቀጽ ደንቡ ውስጥ መግባቱ ነው። አንቀጹ፣ ታማሚው በየዓመቱ ከተማ ድረስ መጥቶ በእርስዎ ሕንፃ ውስጥ በሚቀመጠው የሐኪሞች ቦርድ ፊት በአካል ካልቀረበ አስታማሚው መታወቂያ አያገኝም ይላል።

ሁለተኛ፤ ስለ በአካል መቅረብ።

አንቀጹ የገባው ሐሰተኛ ሕሙማንን ለመከላከል መሆኑን በሬዲዮ አስረድተውናል። ጠያቂዋ፣ «ከአልጋ መነሣት የማይችሉትስ?» ብትልዎ፣ «እመቤቴ፣ ደንብ ለማንም አይዘለልም! የእኔም እናት ብትሆን በአካል ትቀርባለች!» አሏት። ስቱዲዮው ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። እኔም ላጨበጭብልዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የኤሊያኪምን የመኝታ ቁስል እያጠብሁ ስለነበር እጄ አልተመቸኝም።

ባለቤቴን አቀረብኋቸው። ሊፍቱ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከመቆየቱ የተነሣ ወይቧል። ስለዚህ ከዓሣ ገበያው የመጡ አራት ጎረምሶች ከወጥ ቤቴ ወንበር ጋር በገመድ አስረዋቸው፣ እንደ ጽላት ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጧቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ኦማያ የሚባለው፣ ላቡን እየጠረገ፣ «ምዋሊሙ፣ ሲወርዱስ እኛ ነን የምንሸከማቸው ወይስ ተራው የቦርዱ ነው?» አለኝ። ዝም እንዲል በዓይኔ ገሠጽሁት፤ ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን ግን እዚህ ላይ እመሰክርለታለሁ።

የቦርዱ ሊቀ መንበር የባለቤቴን ወረቀት ሳያነብቡ፣ «ስማቸውን ራሳቸው ይናገሩ» አሉ።

«ስትሮኩ አንደበታቸውን ወስዶታል፤ በያዙት ወረቀት ላይ ተጽፏል» አልኋቸው።

«ማዘር፣ እርስዎን አልጠየቅንም።»

ክቡር ሆይ፣ ኤሊያኪም የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን መድረኩ ላይ ቆመው የጣቢያዎቹን ስም ሲጠሩ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ስማቸውን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሞከሩ፣ ደግመው ሞከሩ፣ የወጣው ምራቅ ነበር። ከዚያም ግራ እጃቸውን አንሥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሊቀ መንበሩ፣ «ይኸው እጅ ያነሣሉ!» ብለው ጻፉ። ቀኙን እንዲያነሡ ታዘዙ፤ አልተነሣም። «በደንብ ይሞክሩ እንጂ» ተባሉ። በመጨረሻም ለአንድ ዓመት የሚያገለግል መታወቂያ ሰጡንና፣ «በሚመጣው ዓመት ደግሞ ያምጧቸው፤ ሊሻላቸው ይችላል» አሉን። ስለ መልካም ምኞታቸው አመስግኜ ወጣሁ። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ከእጄ አልበላም አሉ።

በዚያው ቀን፣ ምድር ቤት ካለው መስኮት ፊት አንዲት የማኅበራችን አባል ቆማ ነበር። እናቷ ጎናቸው ቆስሎ ሊነሡ እንደማይችሉ፣ ነርሷ ራሷ አይታ እንደጻፈችላት ለጸሐፊው አስረዳችው። እሱም የእርስዎን ቃል በጥሩ ሁኔታ አጥንቶታል፤ «ደንብ ለማንም አይዘለልም፣ እህቴ» አላት። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች፣ «ኧረ የወንድምሽን ስም ጥሪለት! ስሙን ከሰማ አሁኑኑ ይጨርስልሻል!» ብለው ወተወቷት። እሷ ግን፣ «የወንድሜን ስም ከጠራሁ የምታልፈው የወንድሜ እናት ብቻ ናት፤ የእናንተ እናቶች እዚሁ ይቀራሉ» ብላ ወረቀቷን አጥፋ በጉያዋ ከትታ ሄደች። ስሟን ለጊዜው ልለፈው።

ሦስተኛ፤ ስለ ዳኒ ፔሬስ።

ዳኒ የምንለው አያትን ነው። ዳኒ ፔሬስ ደግሞ የመንደሩ ሁሉ ዳኒ ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተኙ ጀምሮ ያስታመመቻቸው ምራታቸው ሌያ አፖንዲ ናት። ባሏ፣ ማለትም የዳኒ ልጅ፣ በሐይቁ ላይ ሰጥሞ ከሞተ በኋላ ወደ ወላጆቿ መመለስ ትችል ነበር፤ አልተመለሰችም። ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውሉ ነበር። ዳኒ፣ «ገንፎሽ እንደ ጭቃ ነው!» ሲሉ፣ ሌያ፣ «እንግዲያውስ ተነሥተሽ ራስሽ አገንፊው!» ስትል፣ ከዚያም ሁለቱም ሲስቁ ከአጥር ውጭ እንሰማ ነበር።

ሌያ ዳኒን ወደ ቦርዱ የሚወስድ መኪና እንዲሰጣት የካውንቲውን አምቡላንስ ክፍል ለመነች። አምቡላንስ ለድንገተኛ ሕመም ብቻ እንደሆነ፣ የቆየ ሕመም ደግሞ ድንገተኛ እንዳልሆነ በትሕትና ተነገራት። ክርክሩ እንከን የለውም። ስለዚህ በሞተር ሳይክል ወሰደቻቸው፤ ከፊት ነጂው የአጎቷ ልጅ፣ ከኋላ ሌያ፣ በመካከል ዳኒ ፔሬስ፣ ሦስቱም በአንድ የሴት መታጠቂያ ጨርቅ ተጠፍረው። ልጁ እንደ ቀብር ሰልፍ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ዝናብ የሸረሸረው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጎማው ተንሸራተተ። ጨርቁ አጥብቆ አስሯቸው ስለነበር ሦስቱም አንድ ላይ ወደቁ። ልጁ ተረፈ፤ የሌያ ክንድ ተሰበረ፤ ዳኒ ፔሬስ ሆስፒታል ደርሰው በማግስቱ ሞቱ።

ከመሞታቸው በፊት የተናገሩትን ሌያ ነግራኛለች። «ቦርዱ አየኝ ወይ?» ነው ያሉት።

አራተኛ፤ ስለ ቀብሩ።

ለዳኒ ፔሬስ በሕይወት ሳሉ ያልተገኘው መኪና ሲሞቱ ተገኘ። ረጅም፣ ነጭ፣ መጋረጃ ያለው የካውንቲው የሬሳ መኪና ነው። አስፋልቱ ካለቀበት ጀምሮ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞረ፣ አስከሬኑ እንዳይናወጥ እየተጠነቀቀ መጣ። ከእሱ ቀድመው ድንኳኑ፣ ወንበሮቹ፣ የእርስዎ ስም የታተመበት የታሸገ ውሃና ድምፅ ማጉያው ደርሰዋል። አጠገቤ ቆማ ድስት የምታማስል አንዲት አስታማሚ ይህን ሁሉ አይታ፣ «ባሌን ዛሬውኑ ብገድለው ምን ይመስልሻል ምዋሊሙ? ቢያንስ በመኪና ይሄዳል!» አለችኝ። ሳቅን፤ ከዚያም አፈርን። አስታማሚን የሚያስቃት እንዲህ ያለው ቀልድ ነው።

ባለሥልጣን መንደራችንን የሚረግጠው ለቀብር መሆኑን እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ጥሎ ሳይሄድ የሚያዳምጥበት ሌላ ቦታ የለምና አልፈርድብዎትም። ተነሥተው ተናገሩ፤ እናቶቻችን ሀብቶቻችን ናቸው አሉ፤ መሐረብዎን አወጡ። ከዚያም ማንም ሳያስገድድዎ ቀኝ እጅዎን በሬሳ ሣጥኑ ላይ አኑረው እንዲህ አሉ፦ «ዳኒ፣ ይቅር በዪኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ታማሚ ወደ ከተማ አይጓዝም። ቦርዱ ነው ወደ ታማሚው የሚመጣው። ይህን በአንቺ ላይ እምላለሁ።»

ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ሌያ በጀሶ በታሰረው ክንዷ አቀፈችዎት።

በእኛ በሉዎ ሕዝብ ዘንድ እጅ በሣጥን ላይ ተጭኖ የተነገረ ቃል ሌላ ምስክር አያሻውም፤ ምስክሩ ሟቹ ነው። ሌባ እንኳ በሕያዋን ፊት ይዋሻል እንጂ በሬሳ ላይ አይዋሽም። ስለዚህ የሠራነውን ስሕተት ከእኛ በቀር ሌላ ሕዝብ የሚሠራው አይመስለኝም፤ አመንንዎት። ለሚቀጥለው ሳምንት የጠራነው ሰልፍ ነበረን። የአጎራባች ወረዳ አስታማሚዎች ታማሚዎቻቸውን በጀልባ፣ በአህያ ጋሪና በእጅ ጋሪ ጭነው ምክር ቤቱ ደጃፍ ሊያስተኟቸው ተዘጋጅተው ነበር። ጀልባዎቹ ተለምነው፣ ፍራሾቹ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነበር። ሁሉንም «ተመለሱ፤ ቃል ተሰጥቷል» አልናቸው፤ ተመለሱ።

አምስተኛ፤ ስለ ቃሉ።

ወራት አለፉ። ቦርዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልጠይቅዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለ፤ ረዳትዎ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ «ምዋሊሙ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም» ብሎ ማስረዳት ጀመረ። «በቀብር ላይ የሚነገር ነገር ማጽናኛ ነው እንጂ የመንግሥት አቋም አይደለም። ለቅሶ ላይ የተባለውን ይዞ ቢሮ የሚመጣ ሰው እኔ አይቼ አላውቅም።»

አልተከራከርሁትም፤ ወጣት ነው፣ ያስተማሩትን ነው የሚናገረው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ግን ደረጃውን ስወርድ ለራሴ አልሁት። የወለዱት እንዲጠፋ አልመኝም። የተናገሩት እንዲገኝ ብቻ ነው የምፈልገው።

ቁጥር መስጠቴን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው አቤቱታ ሳይሆን ማስታወቂያ ነውና።

የረዳትዎን መልስ ለማኅበሩ ሳቀርብ ሴቶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። አንዷ እንደገና ሰልፍ እንጥራ ስትል፣ ሌላዋ ጀልባዎቹን ማን ደግሞ አምኖ ይሰጠናል አለች። ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጠው ሌያ ነበረች ተነሥታ የተናገረችው። «ቀብር ላይ የተነገረ ቃል ቃል ካልሆነ፣» አለች፣ «ለምንድን ነው ታዲያ ቀብር ላይ እንዲናገሩ የምንፈቅድላቸው?»

ክቡር ሆይ፣ አንድ ነገር ዘንግተዋል። በዚህ ወረዳ ሰው ሲሞት ድስቱን የምንጥደው እኛ ነን፤ እንግዳውን የምናስቀምጠው እኛ ነን፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚናገር ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጠን የምንወስነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም ሟቹን እስከ መጨረሻው ያስታመምነው እኛ ነን። በዚያ ቀን አንድ ደንብ አወጣን። ያለ ሆቴል፣ ያለ ካኔቴራ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ሁሉ በተገኙበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፦ በቀብር ላይ ያስታመመ ይናገር፤ ያላስታመመ ይቀመጥ።

ደንቡ የተጀመረው በአዛውንቱ መረብ ሠሪ በኦቦንዮ ቀብር መሆኑን ያስታውሳሉ፤ ነበሩና። ከነአጀብዎ መጡ፤ በክብር ተቀበልንዎት፤ ከፊት ረድፍ፣ ነፋስ በሚያገኘው በኩል አስቀመጥንዎት፤ ከሐይቁ በዚያ ጠዋት የወጣውን ትልቁን ዓሣ ከትኩስ ኡጋሊ፣ ማለትም ከበቆሎ ገንፎ፣ ጋር አቀረብንልዎት። እንግዳ አናዋርድም። መርሐ ግብሩን የምመራው እኔ ነበርሁ። ረዳትዎ በጆሮዬ፣ «ክቡርነታቸው አጭር ንግግር አላቸው» አለኝ።

«ሟችን ያስታመሙት መቼ ነበር?» አልሁት።

«ምን ማለት ነው?»

«ያጠቧቸው፣ ያገላበጧቸው፣ ያጎረሷቸው መቼ ነበር?»

«ምዋሊሙ፣ ይህ እኮ ነውር ነው! እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም!»

«ሥርዓት አይደለም የኔ ልጅ፤ ደንብ ነው። ለማንም አይዘለልም።»

ከዚያም ድምፅ ማጉያውን ለኦቦንዮ ምራት ለሶሎሜ ሰጠኋት። ሶሎሜ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ማጉያውን እንደ ሙቅ ድስት በሁለት እጇ ይዛ፣ «እኔ ንግግር አላውቅም፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ» አለች። ሰውዬው በመጨረሻ ዘመናቸው ከልጅ ይቀሉ እንደነበር፣ ቁስላቸው ሲታይ ስለሚያፍሩ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ዳሰሳ ታጥባቸው እንደነበር፣ ጓንት ሲያልቅባት የስኳር ላስቲክ በእጇ ታጠልቅ እንደነበር ተናገረች። መታወቂያ ለምን እንዳልነበራትም ተናገረች፤ «ከተማ ይዤአቸው ልሂድ ብላቸው፣ "ዳኒ ፔሬስን የገደለው መንገድ እኔን ይምራል ወይ?" አሉኝ» አለች። በአገራችን ቀብር ላይ ስለ ሟች ጀግንነት ይነገራል እንጂ ስለ ሟች ሰገራ ተነግሮ አያውቅም። ወንዶቹ አቀርቅረው ሰሙ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ማን ነው የሚያጥባቸው ብሎ የጠየቀሽ ሰው ነበር?» ብለው ጮኹ፤ «ዛሬ ገና ጠየቃችሁኝ» አለቻቸው። እርስዎ ዓሣውን ሳይጨርሱ መነሣትዎን አይቼአለሁ። አልተቀየምንም።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን እግር አውጥቷል። ማዶ ያሉት ወረዳዎች ተቀብለውታል፤ ሁለት ቄሶች ከመድረክ ባርከውታል፤ አንድ የምክር ቤት አባል ለመናገር ሲሉ የአክስታቸውን ቤት ለአንድ ሳምንት ያህል መመላለስ እንደጀመሩና በማገላበጡም ባለሞያ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። እኒህ ሰው በቅርቡ ስለ አንቀጹ በምክር ቤት ጥያቄ እንደሚያነሡ ነግረውናል። ምርጫም እየደረሰ ነው። የምርጫ ሰሞን ቀብር እንዴት እንደሚበዛልዎ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

አሁን ወደ ፍላጎቴ ልምጣ። ስለ ባለቤቴ የተሰጠኝ መታወቂያ ጊዜው በዚህ ወር መጨረሻ ያልፋል። ነርሷ መምጣቷን ታቆማለች፤ ቅባቱ ይቀራል፤ እየዳነ ያለው ቁስላቸው ተመልሶ እንደሚከፈት ሐኪም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ይህን ሁሉ አውቄ እነግርዎታለሁ፤ አላቀርባቸውም። ያ ወንበር ወጥ ቤቴ ውስጥ ነው፤ እኔ እቀመጥበታለሁ እንጂ ኤሊያኪም ዳግመኛ አይታሰሩበትም። ስሙን መናገር የተሳነውን ሰው ስምህን ተናገር ብሎ የሚያስለቅስ ቦርድ ፊት አላቆማቸውም። ከእንግዲህ የወረዳችን አስታማሚዎችም ማንንም አያቀርቡም፤ ተስማምተናል።

አዲስ ነገር እንዲሰጡን አንለምንዎም። በዳኒ ፔሬስ ሣጥን ላይ የተናገሩትን፣ በዚያው ቃል፣ ደንብ አድርገው ይፈርሙበት። ቦርዱ ወደ ታማሚው ይምጣ፤ መንገዱ ከከበደው ደግሞ በየወሩ እየመጣች የምታየውን የገዛ ነርሳችሁን ዓይን ይመን። ይህ በሆነ ማግስት በየድንኳኑ ሥር የፈለጉትን ያህል ይናገሩ፤ እኔ ራሴ ማጉያውን ቁመትዎን ለክቼ አቆምልዎታለሁ።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ውድ ጊዜዎን ስለሰጡን፣ ጊዜውም ከሌላ ስብሰባ የተቀነሰ እንደሚሆን በማመን፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ስምዎ ስላለበት ውሃና ለሙታን ስለሚጠነቀቀው መኪናዎ የኮዴሮ ሕያዋን የላቀ ምስጋናቸውን ያቀርባሉ።

ደረጃውን በሰው ጫንቃ መውጣት የማያውቀውን ክቡር ጤንነትዎን ሁልጊዜ የምታስብ፣
ዶርሲላ ኛጉዲ፣
የአስታማሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ስለ ራሷና ስማቸውን መናገር ስላልቻሉት ስለ ኤሊያኪም።

በተጨማሪ፤ መስኮቱ ፊት የወንድሟን ስም አልጠራም ያለችው ሴት ኤዳ ትባላለች፤ እህትዎ ናት። በገና መጥተው አብረዋቸው ፎቶግራፍ የተነሡት እናትዎ ማማ ዜፖራ ቁስላቸው ከዚያ ወዲህ ሰፍቷል፤ መታወቂያ የላቸውም። «የእኔም እናት ብትሆን» ብለው በሬዲዮ ከተናገሯቸው ቃሎች ሁሉ የተጠበቀው ይህ አንዱ ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት። እግዚአብሔር ለማማ ዜፖራ ዕድሜ ይጨምርላቸው። ቀናቸው ሲደርስ ግን መርሐ ግብሩን እንድመራ ኤዳ አደራ ሰጥታኛለች፤ የእኛም ደንብ ለልጅ አይዘለልም። ገና ጊዜ አለዎት። ቀኝ ጎናቸው ቆስሏልና በግራ ነው የሚተኙት፤ ሲያነሷቸው ከትከሻ ሳይሆን ከወገብ ይያዟቸው። ቅዳሜ እንጠብቅዎታለን። እጅዎን ታጥበው ይግቡ። ረዳት መላክ አይቻልም፤ በአካል ይቅረቡ።